ሁለተኛው በርሜል

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ቁጣዬን ተናግሬአለሁ፤ ስስቴን ተናግሬአለሁ፤ በጾም ቀን የቀመስኩትን ሳይቀር ተናግሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴን እሰበስባለሁ። ባለቤቴም ሳልነግራት አረፈች። እስከ ዛሬ ከአፌ ያልወጣ ነገር ስለሆነ በእጄ ላውጣው ብዬ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር። እኔ የልጄን ሥራ አበላሸሁ። አበላሽቼም ዝም አልኩ። ማበላሸቴ ካለማወቅ ነበር። ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።

በደርግ ዘመን መርካቶ ውስጥ፣ ከምናለሽ ተራ ጀርባ፣ በርሜል አጣቢ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት አንድ ዲያቆን ዘንድ ጥቂት ወራት ነው፤ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ የተማርኩት ከበርሜል ላይ ነው። ባዶ በርሜል ከአሰብ ሲመጣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን በደብተር እገለብጣለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ሳገኝ ትርጉሙን እጠይቃለሁ። በዚህ ዓይነት የትኛው የሞተር ዘይት፣ የትኛው ቀለም፣ የትኛው የተባይ መርዝ እንደያዘ መለየት ቻልኩ። መርዝ የነበረበትን በርሜል ለውሃ መያዣ ሸጬ አላውቅም። በመሮ ቀዳድጄ ለቆርቆሮ ቀጥቃጮች እሰጠው ነበር። የሰፈሩ ነጋዴ ይስቅብኛል። «ሰውየው የገዛ ኪሱን በመሮ ይበሳል» ይሉኛል። እኔ ግን በዚህ እኮራ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ ከመጠን በላይ እኮራ ነበር።

ልጄን ወይንሸትንም ያሳደግኳት በዚሁ መሮ ነው ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የፋኖስ ብርጭቆ ሰብራ «ድመቷ ናት» አለች። አልመታኋትም። እጇን ይዤ በግቢያችን ያሉትን አምስት ቤቶች አዞርኳት፤ በየደጃፉ ቆማ «ድመቷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት» እንድትል አደረግሁ። በአምስተኛው ቤት ደጃፍ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። «ደግመሽ በይው፣ አልተሰማም» አልኳት። ደገመችው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ለሰው ሁሉ አወራ ነበር፤ ልክ አንድ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው።

ወይንሸት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ አጥንታ ወጣች፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠረች። ሥራዋ ወደ አሰብ ወሰዳት። ከወደቡ ራቅ ብሎ ባለ ዳርቻ አሸዋው ዘይት ጠጥቶ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አገኘችው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እሷ ከዚያ አሸዋ በጠርሙስ ዘግና መጣች።

አንድ እሑድ ቤት ይዛው መጥታ አሳየችኝ። ሁለት ወር ያሳደገችው ነገር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር ዘይት ጨምራ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ የማየው ግን ደፍረስ ያለ ውሃና ከሥሩ የዘቀጠ ቡናማ ብናኝ ብቻ ነው።

«ዘይቱስ?» አልኳት።

«በሉት፣ አባባ።»

«እነማን?»

«ባክቴሪያዎች። በዓይን አይታዩም። ዘይቱን በልተው ውሃና አየር ያደርጉታል።»

«ከየት ነው ያስመጣሻቸው?»

«ከየትም አላስመጣኋቸውም። እዚያው አሸዋው ውስጥ ነበሩ። ዘይት ሲበዛ እነሱም ይበዛሉ። ትንሽ ማዳበሪያና አየር ቢያገኙ ደግሞ ይፈጥናሉ።»

ያን ቀን የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልግለጽ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጣቢ ነኝ ብዬ ኖሬአለሁ። በኮስቲክ ሶዳና በአሸዋ በርሜል ሳጥብ ግን ቆሻሻው የት ይሄዳል? ከበርሜሉ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ። ለካ እያዛወርኩ ነበር እንጂ እያጠብኩ አልነበረም። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ግን ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ አያዛውሩትም፤ ይጨርሱታል። ሰው ገና ባሕሩን ሳያቆሽሸው እግዚአብሔር አጣቢውን አሸዋው ውስጥ አስቀምጦለት ነበር። ያን አጣቢ ጎንበስ ብላ ያገኘችው ደግሞ የኔ ልጅ ናት። ፊት ለፊት አላመሰገንኳትም፤ ልማዴ አልነበረም። «መልካም ነው፣ በርቺ» ብዬ ወጣሁ፤ ወጥቼም እስከ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ያለ ጉዳይ ተራመድኩ። ደስታዬ ቤት ውስጥ አልበቃ ብሎኝ ነበር።

አለቆቿ ግን በጠርሙስ አላመኑም። ጠርሙስ ባሕር አይደለም አሏት። በበርሜል ሠርተሽ አሳዪን፣ ከተሳካ አሰብ ላይ አንድ የዳርቻ ቁራጭ እንሰጥሻለን፣ ካልተሳካ ፋይሉ ይዘጋል ተባለች። ላቦራቶሪው ለበርሜል የሚሆን ቦታ የለውም። ፀሐይ የሚያገኝ ግቢና የታጠበ በርሜል ያለው ደግሞ አባቷ ነው።

ሁለቱን በርሜሎች ራሴ መርጬ ራሴ አጠብኳቸው። የባሕሩን ውሃ ያመጣልን ሸምሱ ነው። ሸምሱ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ፣ በርሜል የሚያመጣልኝ የሰባት ቤት ጉራጌ ነው፤ አፉ ዝም አያውቅም። ውሃውን ሲያወርድ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ነበር።

«ኑ ጎበዝ! አሰብ ድረስ መሄድ ቀረ፣ ባሕሩን መርካቶ አስገብቼዋለሁ» አለ። ወይንሸት ጥቁሩን ዘይት ስታፈስበት አይቶ ደነገጠ። «ወይኑዬ፣ ምነው አበላሸሽው?»

«የሚበሉት አሉ፣ ጋሽ ሸምሱ» አለችው።

«ዘይት? እኛ ለአንድ ሊትር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ስንውል እነሱ በርሜል ሙሉ? ካርድ አላቸው?»

ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በኋላ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

አሁን አንተ የምታነበው ሰው ልብ ብለህ ተከተለኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው በርሜል ውስጥ የባሕር ውሃ፣ ዘይት፣ ማዳበሪያና ያሳደገቻቸውን ባክቴሪያዎች ጨመረች። በሁለተኛው ውስጥም ያንኑ ውሃ፣ ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ማዳበሪያ ጨመረች፤ ባክቴሪያ ግን አልጨመረችም። የሁለተኛውን ውሃ እንዲያውም አስቀድማ በኔ ሶዳ መቀቀያ ገንዳ አፍልታዋለች። ለምን እንደምታፈላው ግራ ገባኝ፤ አልጠየቅኋትም። ለማማሰያ ሁለት ዱላ አዘጋጀች፤ ለአንደኛው ቀይ ክር፣ ለሁለተኛው ነጭ ክር አሰረችበት። በነጭ ሻሽም ሁለቱንም ሸፈነች።

ከዚያ ለሦስት ሳምንት ወደ አሰብ መመለስ ነበረባት። ጠዋትና ማታ እንዳማስል አደራ ሰጠችኝ። «አባባ፣ ይሄ ሁለተኛው እኮ...» ብላ ልታስረዳኝ ጀመረች።

«እኔን በርሜል ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አባባ! እኔ እርስዎን!» አለችና እንደ ማፈር አለች። «ብቻ ዱላዎቹ እንዳይቀያየሩብኝ። ሌላ ምንም እንዳይነኩብኝ።»

አንድ ደቂቃ ብሰማት ምን ነበረበት? አንዲት ደቂቃ! ዘመኔን ሁሉ ከበርሜል ክዳን ላይ ቃል ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄ ልታስተምረኝ አፏን ስትከፍት አስዘጋኋት። የማያውቀውን ሁሉ ከመንገደኛ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ከልጁ መማር ለምን ያፍራል? ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ትዕቢት ነው።

በአደራዬ ቆምኩ። ጠዋትና ማታ አማሰልኩ። የአንደኛውን በርሜል ነገር ዓይኔ እያየ ማመን አቃተኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ላዩ ላይ የሚያብረቀርቀው ዘይት እንደ አሮጌ ቀለም ተሰነጣጠቀ። ቀጥሎ ፍርፋሪ ሆነ። ከዚያ ቡናማ አረፋ አወጣ። እንደ ላምባ ይከረፋ የነበረው ሽታ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ መሰለ። በየጠዋቱ ሻሹን የምገልጠው ልክ ከሩቅ አገር ደብዳቤ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። ድምፅ የላቸው፣ ደመወዝ የላቸው፣ አለቃ የላቸው፤ ይሠራሉ። እንደነሱ ያለ ሠራተኛ ባገኝ ኖሮ እድሜዬን ሁሉ እመርቀው ነበር እያልኩ ለብቻዬ አወራ ነበር።

ሁለተኛው ግን እንደጠቆረ ነው።

በኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። አንዱን በርሜል ያጠበ የሶዳ ውሃ አይደፋም። ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። የሚሠራ ውሃ የደፋ አጣቢ በኛ ሰፈር ሥራ አያገኝም። እኔም ለብዙ ሰው ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ታዲያ አንደኛው በርሜል እንዲህ እየሠራ፣ ሁለተኛው አጠገቡ ጠቁሮ ተቀምጦ ሳየው ምን አሰብኩ? ባክቴሪያው አልበቃት ብሎ ይሆናል አልኩ። አለቆቿ መጥተው ግማሹ የጸዳ፣ ግማሹ ያልጸዳ ቢያዩ ያሳፍሯታል አልኩ። ስትመጣ ሁለቱም ጸድተው ብታያቸው ደስ ይላታል አልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ከኪዳን ስመለስ፣ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ገና ስትገባ፣ ከአንደኛው በርሜል አንድ ባልዲ ቀዳሁ። ሁለተኛው ላይ ደፋሁት። በነጩ ክር ዱላ አማሰልኩት። እጄን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ይህ ነው ያደረግሁት። አንድ ባልዲ።

ወይንሸት ከተባለው ጊዜ አርፍዳ፣ በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ግቢው ገባች። የአንደኛውን ሻሽ ስትገልጥ ፊቷ በራ። የሁለተኛውን ስትገልጥ ቆመች። ዘይቱ ተሰነጣጥቆ፣ ተፈርፍሮ፣ አልቆ ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ምርቃት እጠብቃለሁ።

«ይሄ እኮ ጥቁር ሆኖ መቆየት ነበረበት» አለች፤ ለራሷ ነው የምታወራው። «ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ ልዩነታቸውን ላሳያቸው ነበር። ይሄ ከጸዳ ያኛው በምን እንደጸዳ በምን ይታወቃል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃውን ያፈላችው በውስጡ ያለው ባክቴሪያ እንዲሞት መሆኑ ገባኝ። ሁለቱ ዱላዎች ገቡኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ዞር ብላ አየችኝና ጠየቀችኝ። «አባባ፣ ምናልባት ዱላዎቹ ተቀያይረው ይሆን?»

«አልተቀያየሩም» አልኳት።

«እርስዎ ካሉ አልተቀያየሩም» አለች።

የተናገርኩት እውነት ነው። ዱላዎቹ አልተቀያየሩም። በሕይወቴ ከዚህ እውነት የከፋ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ስለ ፋኖስ ብርጭቆ ሕፃን ልጅ በአምስት ቤት ያዞርኩ ሰው፣ ስለ ባልዲው ስላልተጠየቅኩ ብቻ አልዋሸሁም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ቀን እንዲራዘምላት ጠየቀች፤ አልፈቀዱላትም። በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቷ ሦስት ሰዎች መጡ። ወይንሸት ምንም አልደበቀችም። የትኛው በርሜል ምን እንደነበር፣ ሁለተኛው ምን መሆን እንደነበረበት በዝርዝር ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር።

«ጓድ ወይንሸት፣ ባክቴሪያ የገባበት ጸዳ። ያልገባበትም ጸዳ። ታዲያ ባክቴሪያው ምን ሠራ?»

«ምናልባት ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።»

«በምን ተሻገረ? ያየ ሰው አለ? ምስክር አለሽ?»

እኔ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜአለሁ። ነጭ ክር የታሰረበት ዱላ በእጄ ነው።

«ምስክር የለኝም» አለች ልጄ። «የኔ ጥንቃቄ ጉድለት ይሆናል» ብላም ጨመረች። እሱም ይህንኑ አስጻፈ። እሷም ፈረመችበት።

ለምን ዝም አልኩ? ለራሴ ለብዙ ዓመት የሰጠሁት መልስ ፍርሃት ነው የሚል ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ የመንግሥት ሥራ ያበላሸ ሰው አሻጥረኛ ይባላል፤ አሻጥረኛ የተባለ ደግሞ የሚደርስበትን ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ምክንያት ብታምንልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አትመነኝ። አንድ አላዋቂ አጣቢ ባልዲ ተሳሳተ ቢባል ስቀው ያልፉት ነበር። እኔም ያን ቀን ይህን አውቅ ነበር። የፈራሁት ሳቃቸውን ነው። ልጄ ፊት፣ ሸምሱ ፊት፣ የምናለሽ ተራ ሰው ሁሉ ፊት «በርሜል አውቃለሁ ይል የነበረው ሰውዬ የልጁን በርሜል አበላሸ» መባሉን ነው። እስርን የፈራ ሰው ይታዘንለታል። እኔ የፈራሁት ማፈርን ነው።

ፋይሉ ተዘጋ። ወይንሸትን የሚገባና የሚወጣ ጨው ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል አዛወሯት። ከዚያ ለቅቃ አስተማሪ ሆነች። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቿ አንድ ነገር እንደምትነግራቸው ከአንዲት ተማሪዋ ሰማሁ። «እኔ አንድ ጊዜ ጥንቃቄ ጎድሎኝ ትልቅ ነገር አጥቻለሁ፤ እናንተ ተጠንቀቁ» ትላቸዋለች። በር ቆልፋ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ትነካዋለች። ምድጃ አጥፍታ ትመለሳለች። እጇን ደጋግማ ስትታጠብ እያየሁ፣ ያቆሸሽኩትን እጅ እየታጠበችልኝ ይመስለኛል። አሰብም የኛ መሆኑ ቀረ። ያ ጥቁር አሸዋ የት እንዳለ ብታውቅም ዛሬ ልትሄድበት አትችልም። ልካስሽ ብላት በምን እክሳታለሁ?

ባለፈው ሳምንት መድኃኒቴን ልትሰጠኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ፀጉሯ ሸብቷል። በሌላ አገር ዘይት የፈሰሰበት ዳርቻ በባክቴሪያ እንደሚጸዳ አንድ ጽሑፍ አንብባ ነበር። «ይሠራል፣ አባባ! በትክክል ይሠራል!» አለችኝ። ምሬት የለባትም፤ ደስታዋ የልጅ ነው። «የኛዎቹም ሳይሠሩ አይቀሩም ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁባቸው» አለች። ከዚያ ክኒኑን ከነውሃው አቀበለችኝ፤ እኔም ዋጥኩት።

እሷ ከሄደች በኋላ ነው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነገር የታየኝ። ሁለተኛው በርሜል የፈላ ውሃ ነበር፤ ሕይወት የሌለው ውሃ። ሦስት ሳምንት ያህል ጠቁሮ ተቀምጧል። አንድ ባልዲ ብቻ ሲገባበት ግን በሁለት ሳምንት ያን ሁሉ ዘይት ጨረሰው። አንድ ባልዲ! ልጄ ልታሳያቸው ካሰበችው ማስረጃ ይህ አይበልጥም? ባክቴሪያዎቹ ከገመተችው በላይ ብርቱ ነበሩ፤ ሥራዋም እሷ ካመነችው በላይ ትክክል ነበር። እኔ የደበቅኩት ጥፋቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ የደበቅኩት የሷን ድል ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ለወይንሸት እሰጣታለሁ። ከዚያ በኋላ ለማን እንደምታሳየው የሷ ፋንታ ነው፤ ለተማሪዎቿ ብታነብላቸው አልከፋም። ይቅርታ አልጠይቃትም፤ ይቅር ማለት ለሷ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁና በቸርነቷ ዳግመኛ መጠቀም አልፈልግም። የምሰጣት ያን ቀን የነፈግኳትን ቃል ብቻ ነው።

ወይንሸት፣ ባልዲውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው በርሜል ላይ የደፋሁትም እኔ ነኝ። ጥንቃቄ አልጎደለሽም። ምስክር አለሽ።